በረዶው የወሰዳት ያምሮት

ቴሌቪዥኑን የሚሰማው አልነበረም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጥግ ባለችው ጭማቂ ቤት የተቀመጠው ሁሉ የጥር ሰው ነው፤ ግማሹ ለሠርግ ሊሸምት የመጣ፣ ግማሹ ከሠርግ የሚመለስ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ በዚያ ሳምንት ረገብ ስላለ፣ ያልተዳረ ልጅ ያለው ሁሉ "ሳይዘጋብን" ብሎ ተጣድፏል።

ዲያቆን ያረጋልም ከእጮኛው ከህይወት ጋር ተቀምጧል። ተክሊላቸው ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ባለው እሑድ ነው፤ ከተክሊሉ በኋላ ያረጋል ይቀስሳል። የሙሽራ ልብሳቸው በፌስታል ታስሮ ከጎናቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም የሚያወሩት አጥተው ጭማቂያቸውን ያማስላሉ።

"...በደቡብ ዋልታ፣ በአንታርክቲካ ጠረፍ፣" አለ ዜና አንባቢው፣ "ለዘመናት ባሕር ላይ ተንሳፍፎ የኖረ የበረዶ ወለል በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈራርሷል። በላዩ ሰፍረው ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ከተገነጠለው ግዙፍ በረዶ ጋር ወደ ባሕር ተወስደዋል። ከመካከላቸው አንዷ ኢትዮጵያዊት መሆኗ ታውቋል።"

ያረጋል ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ከአውሮፕላን የተነሣ ምስል ይታያል፤ ማለቂያ የሌለው ነጭ ሜዳ እንደ ወደቀ ጋን ስብርብር ብሎ፣ ስባሪዎቹ በጥቁር ባሕር ላይ ይዋልላሉ። አንዱ ስባሪ ብቻውን አንድ ወረዳ ያህላል ተባለ። ቀጥሎ የእግር ኳስ ወሬ መጣ።

"እሷ ናት?" አለች ህይወት ቀስ ብላ። ስሟን መጥራት አላስፈለጋትም። የማንኩሳ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሷም ታውቃለች።

ያረጋል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በምታገለግለው ታቦት እውነቱን ንገረኝ። ያቺ ልጅ ሞታ ቢሆን ታገባኛለህ?"

ሊዋሽ ፈለገ። ውሸቱ ለእሷ ደግነት መስሎት ነበር። ግን ዓይኗ ዓይኑ ላይ ተተክሎ አልነቀል አለው።

"አላውቅም፣ ህይወት።"

"እኔ ግን አወቅሁ።" ፌስታሉን ወደ እሱ ገፋችው። "ብትኖር እሷን ትጠብቃለህ። ብትሞት እሷን ታለቅሳለህ። እኔ በየትኛው በር ነው የምገባው?"

"ይቅር በ..."

"አሁን ይቅርታ አትጠይቀኝ። አልቅሼ ሰው ይሰበሰብብኛል።" ነጠላዋን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገች። "ለአባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ። ተጣልተን አይደለም፤ ተዋውቀን ነው የተለያየነው እላቸዋለሁ።"

ወጥታ በመናኸሪያው ግርግር ውስጥ ጠፋች። ከኋላዋ ሮጦ ሊደርስባት ይገባ ነበር፤ ያውቀዋል። እግሩ ግን የሚያስበው ስለ ሌላ መንገድ ነበር፤ ስለ ማንኩሳ። በዚያች ቅጽበት ያረጋል ራሱን የጠላውን ያህል ማንንም ጠልቶ አያውቅም።

* * *

ያምሮት የእማማ ንግሥቴ ልጅ ናት። እማማ ንግሥቴ ማንኩሳ ዳር፣ ከወንዙ በላይ፣ ጋንና እንስራ የሚሠሩ ባልቴት ናቸው። በዚያ አገር በእሳቸው ጋን ጠላ የማይጠምቅ ቤት የለም፤ እሳቸውን ግን ለጠላው የሚጠራ እምብዛም ነው። ሸክላ ሠሪ ናቸዋ። ልጆች በደጃቸው ሲያልፉ አፋቸውን ይሸፍናሉ።

ያረጋል ደግሞ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ነው። አባቱን አገሩ ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል፤ ሦስት ትውልድ ቅኔ ዘርፎላቸዋል።

ሁለቱ የተዋወቁት ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ማንኩሳ በእግር ሲመለሱ ነው። አንድ መስከረም መንገድ ላይ በረዶ ያዛቸው። እሱ ዛፍ ሥር ተጠግቶ ጤፉ ሲደመሰስ እያየ "እግዚኦ" ይላል፤ እሷ መዳፏን ዘርግታ የወደቀውን በረዶ ትሰበስባለች። "ይህን ያህል ብርድ በሰማይ የት ነበር የተቀመጠው?" አለችው። በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። የልጅቷን ዕድሜ የወሰደው ያ ጥያቄ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ኖርዌይ፣ ከዚያም የዓለም ጫፍ ድረስ ይዟት ሄደ። የእኛ ጥር ለዚያ አገር በጋው ነውና፣ ያ ወራት በመጣ ቁጥር በበረዶው ላይ ድንኳን ተክላ ትከርማለች።

"ባሕር ላይ የተንሳፈፈው በረዶ ከኋላው ያለውን የየብስ በረዶ ደግፎ ይዞታል፣ ያሬ፤ ልክ እንደ ግድብ" ብላው ነበር በስልክ። "እሱ የተናደ ቀን የኋላው ሁሉ ወደ ባሕር መንደርደር ይጀምራል።"

"ለማንኩሳ ምኗ ነው ታዲያ?"

"ሰማዩ አንድ ነው እኮ። የዚያ መሞቅ የኛን ክረምት ሳይነካ ይቀራል ብለህ ነው?"

በዚህ ጥምቀት ልትመጣ፣ ሁለቱ አብረው የኔታ ፊት ሊቆሙ ተማምለው ነበር። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ወራት ቆይቶ ሲመለስ እሷ አልተመለሰችም፤ ይደውላል፣ አታነሣም፤ ይጽፋል፣ አትመልስም። በረዶውን መረጠች ብሎ ተስፋ ቆረጠ። አባቱ "ደብሩ ካህን አጥቶ ቅዳሴ ሊታጎል ነው፤ የቄስ ልጅ አጭቼልሃለሁ" ሲሉት አንገቱን ደፍቶ "እሺ" ያለው ያን ጊዜ ነው።

ማንኩሳ ሲደርስ እማማ ንግሥቴ ሸክላ እያቃጠሉ ነበር። እበቱና እንጨቱ በጋኖቹ ላይ ተከምሮ ይነዳል። ዜናውን አልሰሙም።

"ምነው ደግ ነው፣ ዲያቆን? ለሠርጉ ልትጠራኝ እንዳልመጣህ አውቃለሁ" አሉት ፈገግ ብለው።

"እማማ ንግሥቴ... ያምሮት መቼ ነው የደወለችልዎ?"

ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። "ልጄን ምን አገኛት?"

ነገራቸው። እንዴት እንደ ነገራቸው ኋላም ሊያስታውሰው አልቻለም። እማማ ንግሥቴ አልጮኹም፤ በአመድና በጭቃ የተለወሰ እጃቸውን ሁለት ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

"ልትመጣ ነበር" አሉ። "ለጥምቀት ልትመጣ ቲኬት ቆርጣ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።"

"እርስዎ?"

"አባትህ መጡ። ከግቢ አልገቡም፤ አጥሩ ላይ ቆመው፣ 'አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ልጄን ከክህነት ታወጣብኛለች። ካህን ከሸክላ ሠሪ አይዋለድም። አንድ ቃል ነግረሽ አሳርፊያት' አሉኝ። 'አዳምስ ከምን ተሠራ፣ የኔታ?' የሚል ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥሁት። ልጄ ያን ሁሉ ተምራ መጥታ በደጃቸው ስትዋረድ ከማይ ብዬ፣ 'ያረጋል አግብቷል፤ ቀስሷልም። ከእንግዲህ ብትደውይለት ኃጢአት ነው' አልኋት።"

"ምን አለች?"

"'እሺ እማዬ' አለች። ሌላ ምንም። ቆይታ ቆይታ፣ 'እንግዲያስ አልመጣም። በረዶው ላይ ሰው ጎድሏቸዋል፤ እሄዳለሁ' አለችኝ።" ወደሚነደው እሳት ዞሩ። "እዚህ እሳት እያነደድሁ ልጄን ለብርድ ሰጠኋት!"

ሊቆጣቸው ይችል ነበር። ቁጣውን በደረቱ ውስጥ ፈለገው፤ አጣው። ተንበርክኮ እነዚያን የጭቃ እጆች በሁለት እጁ ያዘ። ሁለቱም በአንድ ሰው ፍቅር የተበደሉ፣ ያንኑ ሰው የበደሉ ነበሩ።

* * *

ከማንኩሳ ይልቅ ቡሬ ኔትወርኩ ይሻላል። የያረጋል የትምህርት ቤት ጓደኛ ተስፋው የሚሠራው እዚያ፣ በአግሮ ኢንዱስትሪው ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ዘይት ፋብሪካ ነው። ያረጋል ቀጥታ ቢሮው ገባ። ተስፋው ምንም ሳይጠይቅ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ኖርዌይ ላለው የያምሮት ተቋም አብረው ጻፉ። "የያምሮት ቤተሰብ ነን። በዚህ ስልክ እንጠብቃለን።"

መልሱ ፈጥኖ መጣ። በሕይወት አሉ። የሳተላይት ስልክ አላቸው፤ ባትሪው ግን እያለቀ ነው። ጭጋግና ነፋስ ስለሆነ ሄሊኮፕተር ሊነሣ አልቻለም፤ ሊያወጣቸው የመጣው መርከብም በተከሰከሰው በረዶ መካከል ማለፊያ አጥቶ ቆሟል። እያንዳንዱ ሰው ለቤተሰቡ እንዲደውል ተፈቅዷል። ቁጥሩን እንነግራታለን አሉ።

"ለቤተሰቡ እንዲደውል ተፈቅዷል" የሚለውን ያረጋል ደጋግሞ አነበበው። እንዲህ ያለ ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥ አልጠፋውም።

በማግስቱ ጠዋት ከስልኩ በፊት አባቱ ደረሱ። የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው የተስፋው ቢሮ በር ላይ ቆሙ። የሙሽራይቱ አባት ነግረዋቸዋል፤ የሄደበትንም ጠይቀው ደርሰውበታል።

"ተነሥ፣ እንሂድ" አሉ። "ሙሽራ መንገድ ላይ ጥሎ የሚሸሽ ዲያቆን በደብራችን ታይቶ አያውቅም።"

"አባቴ፣ አልሄድም።"

"ደብሩ ካህን የለውም! ሕዝቡ ያለ ቁርባን ሊውል ነው። ይህ ያንተና የእኔ ጉዳይ ብቻ ነው?"

"አይደለም፤ አውቃለሁ። እማማ ንግሥቴን ግን ምን አሏቸው?"

የኔታ ጽሕማቸውን ያዙ። "አባት ለልጁ የሚለውን አልሁ።"

"ያቺ ልጅ እርስዎ ባሉት ቃል ነው በረዶው ላይ ያለችው! ቢቆጡኝም እናገራለሁ። በማንኩሳ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆና ቆሞ የሚሰማት አጣች፤ አሁን ደግሞ የምትቆምበትን አጣች!"

"አንተ ልጅ!" መቋሚያው ወለሉን መታ።

ስልኩ የጮኸ ያን ጊዜ ነው። ተስፋው ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከእሷ ድምፅ በፊት ነፋሱ መጣ።

"ሃሎ... ያሬ?"

"ያምሮት! አለሁ፤ እኔ ነኝ!"

ድምፁ ከዓለም ጫፍ ዘግይቶ ስለሚደርስ የአንዱ ቃል በሌላው ላይ ይወድቃል።

"ድምፅህ አልተለወጠም" አለች። "እንኳን ደስ አለህ። ሳልልህ ቀረሁ።"

"ስሚኝ፣ ያም..."

"ባትሪው አይቆይም፤ እኔ ልናገር። አልተቀየምሁህም። መጀመሪያ ተቀይሜህ ነበር፤ ከዚያ እዚህ መጥቼ ተውሁት። በረዶው ላይ ሰማያዊ ኩሬዎች ታቁረው ነበር፣ ያሬ፤ ውበታቸው አይነገርም። ያ ውኃ ነው በየስንጥቁ ገብቶ የገመሰው። ዓይናችን እያየ ሁሉም ነገር ሄደ። እዚህ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ጨለማ መጥቶ እንኳ አይሸፍንልንም። ሲሰነጠቅ መድፍ የተተኮሰ ይመስላል። አለቃችን መሣሪያ ሊያነሣ ሄዶ አልተመለሰም። የቆምንበትም እያነሰ ነው።"

"ያምሮት..."

"አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ቄስ ሆነሃል አይደል? በቅዳሴ ስሜን ጥራልኝ። የክርስትና ስሜ እህተ ማርያም ነው። ጠይቀኸኝ አታውቅም ነበር።"

"አላገባሁም!" ያረጋል በስልኩ ላይ ተደፍቶ ጮኸ። "አልቀሰስሁም፤ አላገባሁም! እናትሽ እንዳትዋረጂባቸው ብለው ነው የዋሹሽ። ዝም ስትዪኝ ተስፋ ቆርጬ ላገባ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ፤ ላገባ ነበር። ግን አላገባሁም። ትሰሚኛለሽ? እየጠበቅሁሽ ነው!"

ቃሉ እስኪደርስ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከነፋሱ ሥር አንድ ነገር በሩቁ ጓ ብሎ ተሰበረ።

"ምን አልክ?"

"እየጠበቅሁሽ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀች መሰለው። ልቅሶ ነበር።

"አሁን ነው የምትነግረኝ? ልሞት ተዘጋጅቼ ነበር እኮ፣ ያሬ። ሁሉን ጨርሼ፣ ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር። አሁን ፈራሁ። አሁን መሞት አልፈልግም! ያሬ፣ አሁን..."

ስልኩ ተዘጋ።

ተስፋው መልሶ ደወለ። ዳግመኛ ደወለ። አይሠራም። ያረጋል ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ምነው አፌን በቆረጠው አለ በልቡ፤ ሰላሟን ነጠቅኋት፤ በሰላም ከመሄድ ይልቅ እየፈራች እንድትሄድ አደረግኋት።

ከበሩ በኩል ድምፅ ተሰማ። የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

"ተዘከራ እግዚኦ ለአመትከ እህተ ማርያም..." ይላሉ በግዕዝ፤ አቤቱ፣ ባሪያህን አስባት ማለት ነው። "ተዘከራ እግዚኦ..."

አገር የሚያውቀው የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ድምፅ፣ ያ በማኅሌት የማይሰበር ድምፅ፣ በስሟ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ያረጋል ቀና ብሎ ጀርባቸውን አየ። አባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነላቸው፤ በዚያው ልክም ፈራ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት ለሞተም ይደረጋልና።

* * *

ያን ቀን ሌላ ወሬ አልመጣም። አባትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ዋሉ፤ አልተነጋገሩም፤ አልተለያዩም። የኔታ ውኃ እንኳ አልቀመሱም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተስፋው ከኮምፒውተሩ ላይ ብድግ አለ። ማንበብ ጀምሮ ድምፁ ስለ ከዳው ያረጋል ራሱ አነበበው። ጭጋጉ ለጥቂት ጊዜ ተገልጦ ሄሊኮፕተሩ ደርሶላቸዋል። አለቃቸው አልተገኘም። ድንኳናቸው የነበረበት በረዶ እነሱን ካነሡ በኋላ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ተገልብጧል። ያምሮት መርከቡ ላይ ናት። እግሯን ብርድ ጎድቶታል፤ ጣቶቿን ለማዳን ሐኪሞቹ እየሞከሩ ነው። በሕይወት አለች።

ያረጋል ደስታውን የሚያደርግበት አላወቀም። "እማማ ንግሥቴ" አለ። "እማማ ንግሥቴ አልሰሙም!" የማንኩሳ ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሮጦ ባጃጅ ያዘ። ባጃጁ ሊንቀሳቀስ ሲል የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ከጎኑ ገቡ። ወዴት ነው አላሉም።

ከቡሬ ወጣ እንዳሉ፣ አስፋልቱ ዳር ዳሩን አንዲት ሴት በእግሯ ስትመጣ አዩ። ነጠላዋን በወገቧ አሥራለች፤ እግሯ በአቧራ ነጥቷል። ወሬ ጠብቀው ያልሆነላቸው እማማ ንግሥቴ ናቸው።

ያረጋል ባጃጁ ሳይቆም ዘለለ። ሮጦ ፊታቸው ቆመ፤ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። እንባው ብቻ ይወርዳል።

እማማ ንግሥቴ እንባውን አዩ። ከባጃጁ ጥምጥም የጠመጠሙት የኔታ ሲወርዱ አዩ። ካህን መጣ፤ በቃ፣ መርዶ ነው።

"ልጄን!" አሉና አስፋልቱ ዳር ወደቁ። "ልጄን! በምላሴ ገደልኳት! መሬት የሌላት ልጄ! የት ሄጄ አፈሯን ልቃመው፣ የት ሄጄ!"

"አለች!" አለ ያረጋል፤ የታፈነ ሹክሹክታ ነበር። አጠገባቸው ተንበርክኮ ትከሻቸውን ያዘ። "አለች! እማማ ንግሥቴ፣ አለች! አውጥተዋታል፤ መርከብ ላይ ናት!"

"አትዋሸኝ! እኔ እሷን እንደዋሸኋት አትዋሸኝ!" ደረቱን በጡጫ መቱት። "ልትሸነግለኝ ነው! እንዲህ እያለቀስህ ምን አለች ትለኛለህ!"

ቢምል አልሰሙትም። ስልኩን ቢያሳያቸው ማንበብ አይችሉም። በመጨረሻ ፀጉራቸው ተበትኖ፣ በጉልበታቸው እየዳኹ ወደ የኔታ ዞሩ።

"እርስዎ ይንገሩኝ" አሉ። "እርስዎ እኔን ደስ ለማሰኘት አይዋሹም። እርስዎ ይንገሩኝ፣ የኔታ። ልጄ አለች?"

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ጉልበታቸው ያረጀ ነውና ዝቅ ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ያረጋል ሊደግፋቸው እጁን ቢዘረጋ በምልክት ከለከሉት። ነጭ ኩታቸው አቧራው ላይ ተነጠፈ። ከሸክላ ሠሪዋ ፊት ለፊት በጉልበታቸው ሆኑ።

"አለች፣ እሜቴ ንግሥቴ" አሉ። "በሕይወት አለች። ልጃችን አለች።"

እማማ ንግሥቴ ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እግዜር ይስጥልኝም አላሉም።

"ይድገሙት" አሉ።

"አለች።"

"ይድገሙት።"

"አለች፣ እሜቴ። አለች።"

ያን ጊዜ ነው እማማ ንግሥቴ የደስታቸውን ልቅሶ የለቀቁት። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ማን ሞቶ ነው ብሎ ይጠይቃል። ያረጋል ከሁለቱ መካከል ተቀምጦ፣ ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ በቀዝቃዛ መርከብ ላይ በፋሻ የተጠቀለሉትን እግሮቿን ያስባል። ክህነቱ ምን እንደሚሆን አያውቅም። መቼ እንደሚያያትም አያውቅም። መፍራቷን ግን ያውቃል፤ ለመኖር ስትል መፍራቷን፤ እንዲያ የፈራችውም ለእሱ ስትል ነው። ይህን ባሰበ ቁጥር ደረቱ ለልቡ አልበቃው ይላል።